የደበቅነው ውሃ

ኅዳር 4

ለወንድሜ ለጩጬው፣

እናታችን በሕይወት ብትኖር ይህን ገጽ በሙሉ በሰላምታ ትሞላው ነበር። እኔ ግን የምነግርህ የሚያስቅ ነገር ስላለኝ አሳጥሬዋለሁ፦ ደህና ነን፣ አንተም ደህና ሁን።

አባባን ጠይቀሃል። ያው ነው። እግሩ አልታዘዝ ካለው ወዲህ ሥራው መስማት ሆኗል። አልጋውን ወደ መስኮቱ አዙረንለት፣ የማን በር ተንኳኳ፣ ወንዙ ዛሬ ሞላ፣ ዛሬ ጎደለ እያለ ከተኛበት ሆኖ ያዝዘናል። ሳሉ ደግሞ ከኔ ጋር እልህ ተጋብቷል፤ መድኃኒት በሰጠሁት ቁጥር ይብስበታል።

ስለ ወንዙ መጠየቅህ ግን ገርሞኛል። ከተማ ከገባህ ጀምሮ «ወንዙ እንዴት ነው?» ብለህ የጻፍክበትን ቀን አላስታውስም። «የሚያየው ሰው መጥቶ ያውቃል?» ማለትህስ? ጠንቋይ ሆንክ እንዴ? መጥተዋል እኮ!

ባለፈው ሳምንት አመሻሽ ላይ ሰዎች በመኪና መጡ። አለቃቸው ረጅም፣ ቀጭን፣ ጎንበስ ሲል የሚተጣጠፍ የሚመስል ሰው ነው፤ ወዲያው ሽቦ አልነው። «የወንዛችሁንና የጉድጓዶቻችሁን ውሃ ልንለካ ነው፣ ነገ ጠዋት እንጀምራለን» አለን። ለምን ስንለው «ለጥናት» ብሎ ድንኳኑ ውስጥ ገባ። ጥናት! ማዶ ያሉትንም ያኔ ለጥናት ነው ብለው ለክተው በዓመቱ በየጉድጓዱ አፍ ቆጣሪ ተከሉባቸው። እባብ ያየ በልጥ በረየ። ጎረቤታችን ግንበኛው በየቤቱ ዞሮ «የተለካ ውሃ የኛ አይሆንም» ሲለን የተከራከረው ሰው አልነበረም።

እነሱ ሳይነሱ ሰፈሩ በሙሉ ዶማና አካፋውን ይዞ ወጣ። በማዳበሪያ አሸዋ ሞልተን ወንዙን ከምንጩ ዝቅ ብሎ ዘጋነውና ወደ አሮጌው የድንጋይ ካባ አዞርነው። ካባው ጥልቅ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ቢጠጣ አይጠግብም። የምንጩን ዓይንም ቅርንጫፍ ጭነን ሸፈንነው። የችግኝ ጣቢያዬን ጉድጓድ ደግሞ በጥርብ ድንጋይ ከድነን አፈር ደፋንበት፤ ላዩ ላይ የፓፓያ ችግኞቼን ደረደርኩ። ማንም ቢያየው ጉድጓድ ነው አይልም።

ሽቦ ድልድዩ ሥር ሲወርድ የድመት እግር የማያርስ ውሃ ጠበቀው። በውሃ ኃይል የምትዞር መለኪያ አለችው፤ ቢያስገባት አልዞርም አለች፣ መስጠሚያም አላገኘች። በመጨረሻ በባልዲ ለካ። ባልዲ! «ድሮም እንዲህ ነው?» ብሎ ሲጠይቀኝ «ኧረ ዘንድሮ እንዲያውም ደህና ነው፤ ምንጭ የሚባልም የለን» አልኩት። ግንበኛው ሳቁ ሊያመልጠው ሲል ሽንቱ የመጣበት መስሎ ከቁጥቋጦው ጀርባ ገባ።

አባባ ያን ጠዋት «ውሃው የት ሄደ?» ብሎ ጮኸ። ሮጬ ገብቼ «ደብቀነው ነው» ብዬ በጆሮው ነገርኩት። ሳቀ፣ ሳቀና ሳሉ ተነሳበት። «እንግዲያው ሰዎቹ ሲሄዱ መልሱት፤ ሳልሰማው እንቅልፍ አይወስደኝም» አለ። ሲሄዱ መለስነው። ድምፁ ሲመጣ እንደ ሕፃን አጨበጨበ።

ደብዳቤያችንን የሚያመላልሰው ሹፌር መኪናውን አስነስቶ ይጠብቀኛል። ስልክ ከኮረብታው ወዲህ እስኪሠራ ድረስ እሱን መለማመጥ ነው። አንብብና ሳቅ።

እትዬህ

ኅዳር 11

እትዬ፣

ሰላምታ የለኝም። ደብዳቤሽን ቢሮ ውስጥ ቆሜ አነበብኩት፤ ከዚያ በሩን ዘግቼ ደግሜ አነበብኩት። አልሳቅኩም።

ሽቦ ያላችሁት ሰው የሥራ ባልደረባዬ ነው። ጠረጴዛው ከጠረጴዛዬ ፊት ለፊት ነው፤ ይህን ስጽፍ እንኳ ብርቱካን እየላጠ ነው። የላከውም የኔ መሥሪያ ቤት ነው። ማዕድን የሚያወጣ ድርጅት ሲመጣ አስቀድመን የአካባቢውን ውሃ የምናጠናለት እኛ ነን። ከኮረብታችሁ ሥር የድንጋይ ከሰል አለ። አሁን አወቅሽ።

ቆጣሪ አይደለም እትዬ! ማንም ውሃ ሊያስከፍላችሁ አልመጣም! ቁፋሮ ሳይጀመር ምንጩ፣ ወንዙ፣ የጉድጓዱ ውሃ ምን ያህል እንደነበረ ተለክቶ ይጻፋል። ነገ ቢጠፋባችሁ «ይህን ያህል ነበረን፣ የት አደረሳችሁት?» ብላችሁ የምትይዙበት እሱ ልኬት ብቻ ነው። ሌላ ምስክር የላችሁም። እና እናንተ ምን አላችሁ? ድሮም አልነበረንም! ሌባ ሊመጣ ሲል ቤቱን በገዛ እጁ አራግፎ «እኔ ድሮም ዕቃ የለኝም» ብሎ የሚምል ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ? እኔ አሁን አየሁ፤ ሰፈር ሙሉ ነው።

ሪፖርቱ ገብቷል። «በአካባቢው ይህ ነው የሚባል ምንጭ የለም፤ ይህንንም ነዋሪዎች አረጋግጠዋል» ይላል። ነዋሪዎች የተባልሽው አንቺ ነሽ። ዘንድሮ ደህና ነው ያልሽው ሳይቀር ተጽፏል።

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ሲባል እሰማ ነበር፤ እንዲህ እየተንከተከቱ ሲወሰዱ ግን ገና ዛሬ ማየቴ ነው። ለግንበኛው ንገሪልኝ፣ ብልጠቱን ግድግዳ ይሥራበት። ለአለቃዬ ልነግረው ነው፤ ምን ብዬ እንደምጀምር ግን አላውቅም። ለአባባ አትንገሪው።

ጩጬሽ

ኅዳር 19

ወንድሜ፣

ተናደህ ጽፈሃል፤ ጥሩ። አሁን ደግሞ የኔን ቁጣ ቁጭ ብለህ አንብበው። በር መዝጋት አያስፈልግህም፣ ብርቱካን የሚልጠውም ይስማው።

አውቀህ ነበር። ወንዙ እንዴት ነው ያልከኝ አውቀህ ነው። ከሰሉን ታውቃለህ፣ ሰዎቹ የሚመጡበትን ሳምንት ታውቃለህ፣ ሽቦ ፊት ለፊትህ ሻንጣውን ሲያዘጋጅ አይተሃል። አንዲት መስመር! «እትዬ፣ ውሃ የሚለኩ ሰዎች ይመጣሉ፣ ለእናንተው ነው፣ ያላችሁን አሳዩአቸው።» ይህችን ለመጻፍ ስንት ቀለም ይፈጃል? ስንት ዘመን መማር ይጠይቃል? ስለ አባባ ሳል ገጽ ሙሉ ስትጽፍ እጅህ አልደከመውም። ያንተ ማስጠንቀቂያ «ወንዙ እንዴት ነው» የምትል ሆነችና እኔ ደግሞ እንደ ናፍቆት ቆጠርኳት። ደስ ብሎኝ ነበር እኮ! ጩጬው ወንዙን አስታወሰ ብዬ ለአባባ ነግሬው፣ እሱም ደስ ብሎት ነበር።

ለአባባ አልነገርኩትም። ላንተ ብዬ እንዳይመስልህ፤ ለሱ ብዬ ነው። ቢሰማ የሚለውን አውቀዋለሁ፦ ውሃ ይማር ብዬ ላክሁት፣ ዝምታ ተምሮ ቀረ።

ለግንበኛው ስድብህን አድርሻለሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ቀና ብሎ ሰው አያይም። አንተ ከሰደብከው በላይ እሱ ራሱን ሰድቧልና ተወው።

በሹፌሩ በላክሃት ቁራጭ ወረቀት «የውሃውን መጠን ገምተሽ ጻፊልኝ» ብለሃል። አልገምትም። አንድ ጊዜ ዋሽቻለሁ፣ ደግሞ በግምት አልዋሽም። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ትለኝ ይሆናል፤ ውሃው አልፈሰሰም! እዚሁ አለ፤ ዛሬ ጠዋት ችግኞቼን ያጠጣሁት ከሱ ነው። ተመልሰው ይምጡና ይለኩት። የደበቁት እነማን ነበሩ ላልከው፣ እህቴ ናት በል። ሌላ ስም አትጥራ።

እትዬህ

ታኅሣሥ 2

እትዬ፣

ይቅርታ ብዬ ብጀምር ትቆጪያለሽ፣ ባልጀምርም ትቆጪያለሽ። እንግዲያው ይቅርታ።

ለምን እንዳልነገርኩሽ ጠየቅሽኝ፣ አይደል? ውሃ ሊለካ የሚሄድ ሰው አስቀድሞ አይናገርም። እንግዳ ይመጣል ሲባል ሰው ለደግ ብሎ ምንጩን ይጠርጋል፣ ቦዩን ይዘጋል፣ ጉድጓዱ ውስጥ መድኃኒት ይጨምራል። ያኔ የምትለኪው የሰውን ሽር ጉድ እንጂ ውሃውን አይደለም። ይህን ደንብ ለመሥሪያ ቤቱ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ኮርቼበትም ነበር። የገዛ ሰፈሬ ሲሆን ደግሞ ለዘመዱ አደላ እንዳልባል ጉዞውን ለሽቦ ለቀቅኩለት። ማንም ውሃውን እንዳይነካው ብዬ ዝም አልኩ፤ ዝም በማለቴ ወንዙን ከነቦታው አዞራችሁት። ሽቦ ደግሞ ደንቡን አፍርሶ አመሻሽ ላይ ደረሰና «ነገ እንለካለን» ብሎ ተኛ። ለመደበቅ የሚበቃ ጊዜ ሰጣችሁ፣ ላለመደበቅ የሚበቃ ቃል ግን አልሰጣችሁም። ሁለታችንንም አንድ ላይ ማሰር ነበር።

ለአለቃዬ ነገርኩት። ወንበሩን እያወዛወዘ እስከ መጨረሻው ሰማኝ፤ ከዚያ ሳቀ። «ሰው በማዳበሪያ አሸዋ የሚደብቀው ውሃ ምን ውሃ ነው?» አለኝ። እንደገና ይለካ ስለው «ሪፖርቱ ጸድቋል፣ የሙከራ ቁፋሮው ፈቃድም ወጥቷል» አለ። እና ስሚ፦ በሪፖርቱ ምንጭ ስለሌለ ከምንጭ ርቀው የመቆፈር ግዴታ የለባቸውም። የሚቆፍሩበትን ቦታ ካርታው ላይ አየሁት። ከምንጩ ልክ በላይ ነው።

ጠረጴዛውን በጡጫ መታሁት። ሻዩ ወረቀቱ ላይ ተደፋ። በሕይወቴ እንዲህ አድርጌ አላውቅም፤ እጄ አሁንም ያመኛል፣ ደስም ይለኛል። «እህትህ ናት? እንግዲያው በዚህ ጉዳይ አፍህን ያዝ» አለና የደበቁትን ሰዎች ስም ጠየቀኝ፣ ጥናት ያደናቀፉ ብሎ ሊያስከስስ። አልሰጠሁትም። አንቺም ጀግና ልሁን እንዳትይ። ስምሽን ለማንም እንዳትጽፊ፣ በእናታችን ሞት!

ጩጬሽ

ታኅሣሥ 15

ጩጬ፣

ምክርህ ከመድረሱ በፊት ጽፌ ልኬአለሁ፤ ላንተ አለቃ ሳይሆን ለሱ አለቃ። እናታችን ሞታለች፣ በሞቷ አትማልብኝ።

አጭር ነው፦ «ውሃውን የደበቅነው እኛ ነን። መክሰስ ከፈለጋችሁ ክሰሱን፣ ግን ከመክሰሳችሁ በፊት መጥታችሁ ለኩ።» ግንበኛው ከኔ ስም በላይ ካልፈረምኩ ብሎ ተጣላን። «ሐሳቡ የኔ ነበር፣ ቅጣቱን ሴት አትቀድመኝም» ይለኛል። ፊደል ስላልቆጠረ አውራ ጣቱን በቀለም ነክሮ ወረቀቱ አናት ላይ አተመውና እኔ ከሥሩ ፈረምኩ። ሌላውም ሰፈርተኛ ተከተለ።

የቁፋሮው ማሽን መጥቷል ወይ ላልከኝ፣ መጥቷል። ግራር የሚያህል ብረት ነው፤ ኮረብታውን ሲወጋው የቤታችን ብርጭቆዎች መደርደሪያው ላይ ይንጫጫሉ። አባባ «ምንድን ነው?» ሲለኝ «መንገድ እየተሠራ ነው» አልኩት። «እሰይ!» አለ። ምን ልበለው? በጩኸቱ የተነሳ ወንዙን መስማት አቃተኝ እያለ ያማርራል።

ትናንት ከሚቆፍሩት ጉድጓድ ውሃ ማንም ሳይስበው ገንፍሎ ወጣ። ሠራተኞቹ በደስታ ተጯጯሁ፤ ገላቸውን ታጠቡበት፣ መኪናቸውን አጠቡበት። የተረፈው በመንገዱ ወርዶ ሁሉን ጭቃ አደረገው። ሄጄ የማን ውሃ ነው ስላቸው «የከርሰ ምድር ነው» አሉኝ፤ የሆነ ሰው ረስቶት የሄደ ዕቃ ይመስል! አንተ የተማርከው ይህንን ነው። የኛ ነው ወይስ አይደለም? ደንብ ሳትጠቅስ መልስልኝ።

እትዬህ

ታኅሣሥ 21

እትዬ፣

የናንተ ነው። ኮረብታው ውስጥ ታፍኖ ቆይቶ በምንጫችሁ በኩል የሚወጣው ያው ውሃ ነው። አሁን ሌላ መውጫ ከፈቱለት።

ደብዳቤያችሁ ሠራ። አለቃዬ ከላይ ተጠርቶ ላብ በላብ ሆኖ ተመለሰ፤ ሽቦ ዳግመኛ እንዲለካ ታዟል። እኔን ከጥናቱ አውጥተው ዕቃ ግምጃ ቤት አስቀምጠውኛል፤ መምጣት ተከልክያለሁ። እስከ ልኬቱ ድረስ ማሽኑ ይቁም ብዬ ጮኼ ነበር፣ አልሰሙኝም። ሽቦ ይዞት የሚመጣውን መለኪያ ግን ከመደርደሪያ ያወረድኩት እኔ ነኝ። ጠርጌ፣ ዘይት ቀብቼ፣ በትንፋሼ እፍ ብዬ አሽከርክሬ ሰጠሁት። ትንሽ ውሃ ይበቃታል፣ ትዞራለች።

ምንም አትጥረጉ፣ ምንም አትዝጉ። የጉድጓድሽን ድንጋይ አንሺ። ካባውን ግንበኛው ያሳየው። ሳይቃጠል በቅጠል ነው፤ ይህ ልኬት ከተያዘ ከሰሉን የሚያወጡት ውሃችሁን በማያሟጥጥ መንገድ ይሆናል፣ አለዚያም አያወጡትም። ምነው ስለ ወንዙ መጻፍ ተውሽ?

ጩጬሽ

ጥር 6

ወንድሜ፣

መጣ ወይ፣ ምን አለ፣ ለምን ዝም አልሽ እያልክ ደብዳቤ በደብዳቤ ላይ ልከሃል። መጥቶ ነበር። ዝም ያልኩት ብዕር ባነሳሁ ቁጥር እጄ ስድብ ብቻ ስለሚጽፍ ነው። ይህንንም ሦስተኛ ጊዜ ቀድጄ ነው የጀመርኩት።

ያልነገርኩህ ነገር አለ። ገና ሽቦ ዳግመኛ ሳይመጣ ውሃው መክሳት ጀምሮ ነበር። ማሽኑ ሲያርፍ ይመለሳል ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ላንተ ከጻፍኩት እውነት የሚሆን መሰለኝ። አየህ፣ ዝምታ ያንተ ብቻ አይደለም፤ በዘራችን ሳይኖር አይቀርም።

ያልከውን ሁሉ አደረግን። የጉድጓዴን ድንጋይ አነሳሁ። ሽቦ ገመዱን ለቀቀ፣ ለቀቀ፣ ለቀቀ፤ ጫፉ ላይ ያለችው ብረት ጭቃ ይዛ ወጣች። ከዚያ ድልድዩ ሥር ወረደ። ዘይት የቀባሃት መለኪያ ልትዞር ሞከረች፣ አንድ ጊዜ ነቅነቅ ብላ ቆመች። ባልዲውን አስመጣ።

ግንበኛው ሽቦን በእጁ ይዞ ካባው ድረስ ወሰደው። አሸዋውን እየዘገነ «ይኸው! እዚህ ጋ ነው ያዞርነው! በልጆቼ ይሁንብኝ፣ እዚህ ጋ ነበር!» ይላል። ያ ሰው ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም ነበር። ሽቦ ባልዲውን አየ፣ የዱሮውን ወረቀት አየ፣ ከዚያ ሳቀ። ክፉ ሳቅ አይደለም፤ ሸክም የወረደለት ሰው ሳቅ ነው። «ያው ነው እኮ» አለ። «የመጀመሪያው ልኬቴ ልክ ነበር።» ወደኔ ዞሮም «ደብቀነዋል ያላችሁት ካሳ ፈልጋችሁ ነው?» አለኝ።

ገባህ? ያኔ ስንዋሽ አመነን። ዛሬ እውነቱን ስንነግረው ዋሾ አለን። ውሸታችንን ወስደው፣ ኮረብታውን ወግተው እውነት አደረጉት። ባልዲውን ከእጁ ቀምቼ ድንጋይ ላይ ፈጠፈጥኩት። ይክሰሱኝ። መለኪያዋን ግን አልነካሁም፤ ያንተ እጅ ነክቷታል።

ችግኞቼን ለሚያጠጣቸው ሰው በትኜ ሰጥቻለሁ። ፓፓያዎቹን ማንም አልወሰዳቸውም፤ ጉድጓዱ አፍ ላይ ደርቀው ቆመዋል።

ማሽኑ ሥራውን ጨርሶ ሄዷል። ጸጥታው የተሰማን እሱ ከሄደ በኋላ ነው። የሽቦ መኪናም ድምፅዋ ሲርቅ አባባ ጠራኝ። ፊቱ በርቶ ነበር።

«ሄዱ አይደል?»

«ሄዱ፣ አባባ።»

«ጎበዞች! አሁንም ሸወዳችኋቸው።» ሳሉ እስኪነሳበት ሳቀ። «በሉ እንግዲህ ውሃውን መልሱት፤ ልተኛበት።»

እሺ ብዬው ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ይጠይቀኛል። «ምነው፣ ሰዎቹ አልሄዱም እንዴ?» ይላል። ከኮረብታው ማዶ ሰፍረዋል፣ ጨርሰው አልሄዱም እለዋለሁ። እንቅልፍ ካጣ ሰነበተ፤ ግን አይቆጣኝም፣ ጥሩ አድርገን እየደበቅን ይመስለዋል።

እኔ አልነግረውም። የምትነግረው አንተ ነህ። መከልከልህን ተወውና ና። መምጫህን አስቀድመህ ባትነግረንም ግድ የለም፣ ከእንግዲህ የምንደብቀው ነገር የለንም።

እትዬህ